«ለምርምር ብቻ» ማለት ምን ማለት ነው?

ደሴ ላቦራቶሪ የምትማረው እህቴ ግራ ገብቷት ደወለች። ብልቃጡ ላይ «ሞኖክሎናል አንቲቦዲ፣ ለምርምር ብቻ» ይላል።

ሰውነታችን ቫይረስ ሲገባበት ብዙ ዓይነት አንቲቦዲ (ወራሪውን ለይቶ የሚይዝ የመከላከያ ፕሮቲን) ያመርታል። ሞኖክሎናል ግን የአንድ ሴል ዘሮች ብቻ የሚሠሩት ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚይዙትም የዒላማቸውን ፕሮቲን ያንኑ አንድ ቦታ ነው። ሳይንቲስቶቹ ኮህለርና ሚልስታይን ይህን የማምረቻ ዘዴ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1975 አንቲቦዲ የሚሠራውን የአይጥ ቢ ሴል ከካንሰር ሴል ጋር አዋህደው ነው። ድንቅ ሥራ ነው! የሄርፐስ ቫይረስን ጂዲ የተባለ ፕሮቲን የሚይዘው አንቲቦዲ ለምሳሌ፣ የሚያበራ ቀለም ሲታሰርበት፣ ቫይረሱ ያለበትን ሴል በማይክሮስኮፕ ያሳያል።

«ለምርምር ብቻ» ታዲያ ዕቃው ጥራት የለውም ማለት አይደለም። ለሕመምተኛ ምርመራ አልተፈቀደም ማለት ነው። አደራ፣ በእሱ ውጤት ብቻ ማንንም «ሄርፐስ አለብህ» እንዳትሉ።