የጅማ ማዕድ፦ ከሂርማታ ገበያ እስከ ስፕሪስ ብርጭቆ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዝናቧ ብዙ፣ አፈሯ ለም ነው። ስሟ ሲነሳ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያስበው ቡናን ነው። ስለ ምግቧ ግን አንድ ላይ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር እምብዛም አይገኝም። ይህ ዳሰሳ የከተማዋን ዋና ዋና ምግቦች፣ አመጣጣቸውንና ሰዉ ዛሬ ስለ እነሱ የሚለውን ለማሰባሰብ ይሞክራል።

ገበያው

ነገሩን ከሂርማታ መጀመር ይሻላል። ከተማዋ ዛሬ ያረፈችበት ቦታ ድሮ የሚጠራው በዚሁ ስም ነበር። ቤተ መንግሥቱ ከላይ ጂረን ኮረብታ ላይ፣ ገበያው ደግሞ ከታች ሜዳው ላይ ነበር። በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (እ.ኤ.አ. 1878–1932) ሂርማታ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከታወቁት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ሆነ። ትልቁ የገበያ ቀን ሐሙስ ነው። ከከፋ፣ ከሊሙ፣ ከጎማ፣ ከዳውሮና ከየም የመጣ ሰው እዚያ ይገናኛል። አንዱ ቡናና ኮረሪማ ያመጣል፣ ሌላው ማር፣ ከሩቅ የመጣው ደግሞ አሞሌ ጨው።

አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1884 ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ስላስጠበቁ ሀገሩ ብዙ ጎረቤቶቹ ካዩት ጥፋት ተርፏል። ንግዱም ሳይቋረጥ ቀጥሏል። የጅማ ሰው እስከ ዛሬ ስለ ንጉሡ ብልህነት ሲናገር ደስ እያለው ነው፤ እውነትም የሚያኮራ ነው። የከተማዋ ወጥ ቤት ብዙ ዓይነት ምግብ የለመደውም ከዚህ ገበያ ነው። ኦሮሞው፣ ዳውሮው፣ ከፊቾው፣ የሙ፣ ጉራጌውና አማራው ጎን ለጎን ሲኖር አንዱ የሌላውን ምግብ ለምዷል።

በቆሎ፣ ጎደሬና ወርቄ

የጅማ ዋነኛ እህል ጤፍ ነው የሚል ሰው ገጠሩን አላየም። በዞኑ ገበሬ ቤት ቀድሞ የሚገኘው በቆሎ ነው። ቂጣ ይሆናል፣ ገንፎ ይሆናል፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ዳቦ ይሆናል። ከጎመን ጋር ሲቀርብ ሙሉ ምሳ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደግሞ በየመንገዱ ዳር ከሰል ይቀጣጠልና እሸቱ ይጠበሳል። ጥብስ ይሻላል ወይስ ቅቅል የሚለው ክርክር በየዓመቱ ይነሳል። ጥብሱ ይሻላል፤ ቅቅሉ ለጥርስ ይመቻል እንጂ ጣዕሙን ውኃው ይወስደዋል።

ጎደሬ የተለየ ቦታ አለው። እርጥብ መሬት ይወዳል፤ ጅማ ደግሞ እርጥብ መሬት አላት። በጥሬው ወይም ሳይበስል ከተበላ አፍና ጉሮሮን ያሳክካል፤ ስለዚህ በደንብ መቀቀል አለበት። ተልጦ በዳጣ ወይም በሚጥሚጣ ይበላል፤ ቅቤ ካለ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በከተማው ጎደሬን «የችግር ጊዜ ምግብ» የሚሉ አሉ። እንግዳ ሲመጣ ለማቅረብ የሚያፍሩም አሉ። ይህ አመለካከት ትክክል አይደለም። ጎደሬ ሆድ ይይዛል፣ በርካሽ ይገኛል፣ እህል በሚያልቅበት ወር ብዙ ቤት ያቆመው እሱ ነው። አሁን አሁን የስኳር ሕመም ያለባቸውና ኪሎ ለመቀነስ የሚፈልጉ ሰዎች እንደገና ሲጠይቁት ይሰማል። የስኳር ሕመምተኛ ግን መጠኑን ከሐኪም ጋር ቢወስን ይሻላል፤ ጎደሬም እንደ ድንች ስታርች፣ ማለትም ሰውነት ውስጥ ወደ ስኳር የሚለወጥ ነገር፣ የበዛበት ነው።

እንሰት በኦሮምኛ ወርቄ ይባላል። በደጋው ወረዳዎች በየጓሮው አለ። ቆጮው ከአይብና ከጎመን ጋር ይበላል፤ በከተማው ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው ከክትፎ ጋር ነው።

ቡናና ማር

የጅማ ሰዎች የቡና መገኛ ጎማ ወረዳ ውስጥ ያለችው ጮጬ ናት ይላሉ። ፍየሎቹ ሲጨፍሩ ያየው የካልዲ ታሪክም የሚተረከው ከዚችው መንደር ጋር ነው። የከፋ ሰዎች መገኛው የእኛ ጫካ ነው ይላሉ፤ ብሔራዊ የቡና ሙዚየምም ቦንጋ ላይ ተሠርቷል፤ ይህም አንድ አስተያየት ነው። ሳይንሱ የሚለው አረቢካ ቡና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ በተፈጥሮ እንደሚበቅል ነው፤ የወረዳ ድንበር አያሰምርም።

ቡና እዚህ መጠጥ ብቻ አይደለም። ቡና ቀላ የሚባለው ከነገለባው በቅቤ የሚጠበሰው ቡና ነው፤ በኦሮሞ ባህል ለምርቃትና ለበዓል ይቀርባል። በጀበና የሚፈላውን ደግሞ ብዙ የገጠር ቤት በጨው ወይም በቅቤ ይጠጣዋል። የከተማ ወጣት ስኳር ያበዛል፤ ትልልቆቹ ይህን አይወዱም፣ ስኳሩ የቡናውን ጣዕም ይገድለዋል ይላሉ። በዚህ ጉዳይ ትልልቆቹ ልክ ናቸው። ጤና አዳምና ኮረሪማ ግን ሁለቱንም ወገን ያስማማል።

ማሩም ቡናውን ያህል ሊወራለት ይገባል። ቀፎ ረጃጅም ዛፎች ላይ ይሰቀላል። ከገተማ አበባ የሚገኘው ነጭ ማር በተለይ ተፈላጊ ነው። በክርስቲያኑ ቤት ማሩ ጠጅ ይሆናል፤ በሙስሊሙ ቤት የማያሰክረው ብርዝ ይዘጋጃል። የዛሬው ዋና ቅሬታ ስኳር የተቀላቀለበት ማር ነው። ለዚህም ነው ብዙ ሰው ሱቅ ከመግባት ይልቅ የሚያውቀውን ገበሬ የሚጠብቀው።

ከጣሊያን ወዲህ

ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ሲቆዩ ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው ዋና ከተማ አደረጓት። ፈረንጅ አራዳ የሚለው የሰፈር ስም የዚያ ዘመን ነው። ፓስታና መኮረኒ ቀሩ። የጅማ ሰው ግን ፓስታውን በበርበሬ ቁሌት ሠርቶ በእንጀራ ጠቅልሎ የራሱ አደረገው። በደርግ ዘመን ስኳርና ዘይት በቀበሌ ሱቅ በራሽን ይከፋፈል ነበር።

የሥጋው ነገር እንደ ሌላው የሀገራችን ከተማ ነው፤ የሙስሊምና የክርስቲያን ሉካንዳ ለየብቻ ነው። ሠርግ ሲሆን ለሁለቱም ይታረዳል፣ ለሁለቱም ለየብቻ ይሠራል፣ ማንም ሳይበላ አይሄድም። በረመዳን ፀሐይ ስትጠልቅ ሳምቡሳና ቴምር ወደ ጎረቤት ክርስቲያን ቤት ይሄዳል፤ በፋሲካ ደግሞ ዳቦው ወደ ሙስሊሙ ቤት ይሄዳል።

ዩኒቨርሲቲውና አዲሱ አበላል

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የተቋቋመው የግብርና ኮሌጅና በ1983 የተመሠረተው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋህደው በ1999 ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ከየክልሉ በሺዎች የሚቆጠር ተማሪ መጣ። «ነን ካፌ» የሆነው፣ ማለትም የግቢውን ምግብ ትቶ ገንዘቡን የሚቀበለው ተማሪ፣ ውጭ መብላት ጀመረ። በግቢዎቹ ዙሪያ የሽሮ፣ የፍርፍርና የፉል ቤቶች በዙ። በርገርና ፒዛም ተከተሉ። ወላጆች በርገሩ ላይ ቅር ይላቸዋል፤ ውድ ነው፣ አያጠግብም ይላሉ። ልጆቹ ደግሞ ሁልጊዜ ሽሮ ይሰለቻል ባይ ናቸው።

ጅማ ግን በጁስ ማንንም አትፈራም። አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሙዝና ዘይቱን ከዚያው ከዙሪያዋ ይገባሉ። ስፕሪስ የሚሠራው ፍሬውን ሳያቀላቅሉ በየተራ ብርጭቆ ውስጥ በመደርደር ነው፤ ላዩ ላይ ቪምቶና ሎሚ ጠብ ይደረግበታል። በማንኪያ የሚበላ ወፍራም ካልሆነ የጅማ ሰው አይቀበለውም። በውኃ ያቀጠነ ቤት ደንበኛው ይሸሸዋል።

ዓሣም መጥቷል። የግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ከተፈጠረ በኋላ ቆሮሶ በከተማው ይሸጣል። ወጣቱ ጥብሱን ወዶታል፤ ሽታውን ያልለመዱ አረጋውያን አሁንም ይሸሹታል።

የሰሞኑ ትልቅ ክርክር ግን የእንጀራ ነው። የጤፍ ዋጋ ስለናረ ብዙ ቤት በቆሎ፣ ማሽላ ወይም ሩዝ ይቀላቅላል። ቅልቅሉ ቶሎ ይደርቃል፣ ሲጠቀለል ይሰበራል የሚሉ አሉ። በደንብ ከተቦካና ማሽላው ካልበዛ ለውጡ አይታወቅም የሚሉም አሉ፤ እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው የሚጋግሩ ሴቶች ናቸው። እንጀራ ገዝቶ የሚበላው ሰው ምን እንደተቀላቀለ አያውቅም፤ ስለዚህ ሻጯ ከምኑ ምን ያህል እንደጨመረች እንድትነግረው መጠየቅ ጀምሯል።