«ሶክዋን» ምንድን ነው?

«ሶክዋን» የኮሪያ ቃል ነው፤ ምርኮኛን በገንዘብ ዋጅቶ ወደ አገሩ መመለስ ማለት ነው። ቃሉ የሚጻፍበት የመጀመሪያው የቻይና ፊደል በግራ ጎኑ የዛጎል ምልክት አለበት፤ ዛጎል በጥንት ዘመን ገንዘብ ነበርና። ሁለተኛው ፊደል «መመለስ» ማለት ነው። በአማርኛ የሚቀርበው ቃል «ቤዛ» ነው፤ ይህኛው ቤዛ ግን በብር ተመዝኖ ይከፈል ነበር።

ቃሉ በኮሪያ ታሪክ ከባድ ትዝታ የተሸከመው ከኮሪያ በስተሰሜን ይኖሩ በነበሩት በማንቹዎች ወረራ ምክንያት ነው። ማንቹዎች ጆሰን ይባል የነበረውን የኮሪያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1627 አንድ ጊዜ ወረሩ፤ በ1636 መጨረሻ በከባድ ክረምት እንደገና መጡ። ንጉሥ ኢንጆ በናምሃን ተራራ ምሽግ ከ40 ቀናት በላይ ተከቦ ከቆየ በኋላ በየካቲት 1637 ሳምጆንዶ በተባለ ስፍራ ለማንቹዎቹ ንጉሠ ነገሥት ለሆንግ ታይጂ ሰገደ። የማንቹ ሠራዊት ወደ ሰሜን ሲመለስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኮሪያውያንን እየነዳ ወደ መዲናው ሸንያንግ ወሰደ።

ከመገዛት ውሎቹ አንዱ ስለ እነዚህ ሰዎች የሚናገር ነበር፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው። ምርኮኛው የአምኖክን ወንዝ (ያሉም ይባላል) ከተሻገረ በኋላ አምልጦ ወደ አገሩ ቢመለስ፣ የኮሪያ መንግሥት ራሱ ይዞ ለ«ጌታው» ማስረከብ አለበት። ቤተሰብ መዋጀት ከፈለገ ደግሞ የሚወስነው ያው ጌታ ነው። ውሉ ምክንያቱንም ይናገራል፦ ምርኮኞቹን ወታደሮቼ ሞትን ተጋፍጠው ያገኟቸው ናቸውና ወደፊት «አስሬ ለመላክ ልቤ አልቻለም» እንዳትል ይላል። አንድ ሰው ከወንዙ ወዲህ የንጉሡ ዜጋ ነው፤ ወንዙን በግድ ካሻገሩት በኋላ ግን የሌላ ሰው ንብረት ይሆናል። በእግሩ ሸሽቶ ለቤቱ የበቃውን ሰው እጁን አስሮ መልሶ መላክ የገዛ ንጉሡ ግዴታ ሆነ።

ስለዚህ ዋስትና ያለው መንገድ ሶክዋን ብቻ ነበር። በሸንያንግ ምርኮኞች ለሽያጭ ይቀርቡ ጀመር፤ ቤተሰቦችም ብር ይዘው መልእክተኞችን እየተከተሉ ይሄዱ ነበር። ባለ ሥልጣናትና ሀብታሞች ለልጆቻቸው የተጠየቁትን ሁሉ ስለከፈሉ ዋጋው ናረ፤ ድሃው ወላጅ ባዶ እጁን ቀረ። ሚኒስትሩ ቾ ምዮንግጊል በ1637 ለአንድ ሰው ከ100 ኛንግ (የብር ክብደት መለኪያ) ብር በላይ እንዳይከፈል ሐሳብ ያቀረበው በዚህ ምክንያት ነው። ጨካኝ ይመስላል፤ ለብዙኃኑ ያሰበ ግን እሱ ነበር።

የተዋጀችው ሴት መከራ ደግሞ ቤቷ ስትደርስም አላበቃም። በ1638 ጃንግ ዩ የተባለ ታላቅ ባለ ሥልጣን ተማርካ የተመለሰች ምራቱ የአያቶችን መሥዋዕት አብራ ልታቀርብ አይገባም ብሎ አንድያ ልጁ እንዲፈታት ንጉሡን ለመነ። በዚያው ጊዜ ሃን ኢግዮም የተባለ አባት ደግሞ የተዋጀችው ልጁ ሳለች አማቹ ሌላ ሊያገባ ነው ብሎ አቤት አለ። ቾ ምዮንግጊል ለንጉሡ በዓይኑ ያየውን ነገረው፦ በሸንያንግ ባልና ሚስት ሲገናኙ ከሙታን አገር የመጣ ሰው ያገኙ ያህል ተቃቅፈው ሲያለቅሱ፣ መንገደኛው ሁሉ አብሮ ያነባ ነበር። መፍታት ከተፈቀደ ሚስቱን የሚዋጅ ባል አይገኝም፤ ብዙ ሴቶችም በባዕድ አገር ሞተው ይቀራሉ አለ። ንጉሡ ተቀበለው። ብዙ የመኳንንት ቤተሰቦች ግን ትእዛዙን ትተው ለልጆቻቸው ሌላ ሚስት አጋቡ፤ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊም የወቀሰው ቾን ነበር።

ጃንግ ዩ ከሞተ በኋላ ሚስቱ በ1640 ልመናውን እንደገና አቀረበች። በዚህኛው አቤቱታ ምክንያቱ ምርኮ አልነበረም፤ ምራቲቱ ለአማቶቿ አልታዘዘችም የሚል ነበር። ንጉሡ ልጁ የባለ ውለታ ሹም አንድያ ልጅ ስለሆነ ብቻ ፈቀደ፤ ለሌላ ሰው ደንብ እንዳይሆን ብሎም አስጠነቀቀ።