ጥቆማ ምንድን ነው? የወላጅ መምህር ህብረት ሲመረጥ

ጥቆማ ማለት በስብሰባ መካከል እጅ አውጥቶ «እኔ እገሌን ጠቁሜያለሁ» ማለት ነው። እድር ላይ የተቀመጠ፣ የቀበሌ ስብሰባ የገባ፣ የገበሬዎች ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ሰብሳቢው «ጥቆማ ይሰጥ» ይላል። አንዱ ስም ይጠራል። «የሚደግፍ?» ሲባል ሌላው «እደግፋለሁ» ይላል፤ ስሙ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፋል። ጥቂት ስሞች ከተጻፉ በኋላ «ጥቆማው ይብቃ» ይባልና ወደ ድምፅ ቆጠራ ይኬዳል። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ይህን የምጽፈው ያ ሩብ ሰዓት የልጆቻችንን ትምህርት ቤት ለዓመታት ሲወስን ስላየሁ ነው። ልጆቼን ያስተማርሁት በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ነው፤ እዚያ የወላጅ መምህር ህብረት (ወመህ) ምርጫ ስም ሲጠራ ያልቃል። እጅ ማውጣቱ የሚመጣው ካለቀ በኋላ ነው። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ለማስረዳት በመጀመሪያ ወመህ ራሱ ምን እንደሆነ ልናገር።

ወመህ የወላጅ መምህር ህብረት ምኅጻረ ቃል ነው። በስሙ ውስጥ ተማሪዎችንም ጨምረው በሌላ አጠራር የሚጠሩት አሉ፤ ሰፈር ውስጥ ግን «የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ» ከተባለ በቂ ነው። መሠረቱ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው፤ ትምህርት ቤት በሕዝብ ተሳትፎ ይመራ የሚል ሐሳብ ይዞ መጣ። በ1994 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ስለ ትምህርት አመራር አደረጃጀት፣ ስለ ኅብረተሰብ ተሳትፎና ስለ ፋይናንስ መመሪያ አወጣ፤ የትምህርት ሰዎች «ብሉ ቡክ» የሚሉት እሱን ነው። ከዚያ ወዲህ ቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አለው፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ወመህ አለው። ቦርዱ ከቀበሌው አመራር ጋር የተያያዘ ነው። ወላጅ በቀጥታ የሚመርጠው፣ ስለዚህም ወላጅ በቀጥታ ሊጠይቀው የሚችለው ወመህን ነው።

ሥራው ምንድን ነው? የዓመቱን ዕቅድና በጀት ከርዕሰ መምህሩ ጋር ማየት፣ ገንዘቡ የት እንደዋለ መከታተል፣ የቀሩ ተማሪዎችን መመለስ፣ የሥነ ምግባር ጉዳይ ሲመጣ መዳኘት፣ ወላጁን ለሥራና ለመዋጮ ማስተባበር። ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል።

ገንዘቡን እንውሰድ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፕሮግራም በኩል ለትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ ድጎማ ይመጣ ጀመር፤ መምህራኑ «ስኩል ግራንት» ይሉታል። በዚያ ላይ የወላጅ መዋጮ አለ። ገጠር ያለ ትምህርት ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ግቢው ሰፊ ነው፤ ሣሩ ኅዳር ላይ ይሸጣል፣ ባሕር ዛፉ በየጥቂት ዓመቱ ይቆረጣል። ይህ ሁሉ ብር ነው።

ጎጃም ትምህርትን ማብላት የጀመረው በመመሪያ አይደለም። ዋሸራ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ የቅኔ ተማሪ ያፈሩት የመንደሩ እናት «በእንተ ስማ ለማርያም» ያላትን ልጅ ባዶውን ስላልመለሰችው ነው። ነገር ግን ያ ቁራሽ ከእናቲቱ እጅ በቀጥታ ወደ ልጁ አኩፋዳ ይገባ ነበር። ማንም ሒሳብ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ሰጪው ሲበላ ያያል። የዛሬው መዋጮ ግን ከሰብሳቢ ወደ ገንዘብ ያዥ፣ ከገንዘብ ያዥ ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደ ግዥ፣ ከግዥ ወደ አናጢ ያልፋል። ሰጪው መጨረሻውን አያየውም። ወመህን የምንመርጠው በእኛ ፈንታ እንዲያይልን ነው።

ወደ ጥቆማው ልመለስ።

ስም አንዴ ከተጠራ ሰውየው ፊት ለፊታችን ተቀምጧል። ጎረቤት ነው፣ የክርስትና ልጅ ያለን ነው፣ በሬ ያዋሰን ነው፣ ትናንት ለቅሶ የደረሰን ነው። እሱ እያየ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ከባድ ነው። ይሉኝታ የምንለው ይህ ነው፤ እኔ ይሉኝታን አልንቅም፣ በብዙ ነገር አብሮ ያኖረን እሱ ነው። ምርጫ ላይ ግን አንድ ነገር ያደርጋል፦ የመጀመሪያዎቹን ስሞች አሸናፊ ያደርጋቸዋል። አምስት ሰው የሚያስፈልግ ከሆነ አምስት ስም ሲጠራ ከኋላ አንዱ «ይበቃል፣ እነሱው ይሁኑ» ይላል፤ ይጨበጨባል። መምረጥ የሚባለው ነገር ሳይኖር ምርጫው አለቀ። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ ይጻፋል።

እንግዲህ በዚያ ጊዜ ማን ነው ፈጥኖ የሚጠራው? አንደኛው በየስብሰባው የሚጠራው ሰው ነው። የእድሩ ዳኛ እሱ፣ በሰበካ ጉባኤው እሱ፣ በገበሬዎች ማኅበሩ እሱ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በእውነት የተከበረ ነው። የተከበረበት ምክንያት ግን ጥሩ አስታራቂ ስለሆነ ነው። ጥሩ ሽማግሌ ነገርን ያበርዳል፣ «ይለፍ፣ ለእግዚአብሔር ብላችሁ ተዉት» ይላል፣ የተጣላውን እግር ላይ ይጥላል። የትምህርት ቤት ሒሳብ ግን መብረድ የለበትም። «ይለፍ» የሚል ሰው ወመህ ላይ ሲቀመጥ የጎደለው ዴስክም አብሮ ያልፋል። ለሽምግልና የምንመርጠውና ለወመህ የምንመርጠው ሰው የተለያየ ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት እኔ ራሴ ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ሁለተኛው ፈጥኖ የሚጠራው ስብሰባው ላይ የሌለ ሰው ነው። ይህን ያላየ ያለ አይመስለኝም። ሥራው አድካሚ ስለሆነ የተገኘው ሁሉ ይሸሸዋል፤ ስለዚህ ገበያ የሄደው ወይም እርሻ ላይ የዋለው ይጠቆማል፣ ይደገፋል፣ ያልፋል። ማታ ቤቱ ሲገባ መመረጡ ይነገረዋል። አንድ ዓመት ሙሉ ስብሰባ ባይመጣ ማን ይወቅሰዋል? እሺ አላለም እኮ።

ሦስተኛዋ በ«አንዲት ሴት ትግባ» የምትጠራዋ ናት። ሴቶቹ ከኋላ ተቀምጠዋል፣ ወንበሩን ወንዶቹ ይዘውታል። አንዱ ዞሮ ያይና የመጀመሪያ ዓይኑ ውስጥ የገባችውን ይጠራል። ምን ታውቃለች፣ ምን ትችላለች ብሎ የጠየቀ የለም።

ስለዚህች ሴት ግን ያየሁትን ልናገር። ልጄ አምስተኛ ክፍል ሳለ እንደዚያ ተብላ የገባች እናት ነበረች፤ በገበያ ቀን ሽንኩርት ትሸጣለች፣ ፊደል አልቆጠረችም። በዚያ ዓመት ሣሩና ባሕር ዛፉ ተሸጦ ዴስክ ይሠራ ተባለ። የዓመቱ ሪፖርት ሲቀርብ ሰብሳቢው ከወረቀት ላይ «ሠላሳ ዴስክ ተሠርቶ ገቢ ሆኗል» ብሎ አነበበ። ሊጨበጨብ ሲል እሷ ከኋላ ተነሣች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ «እኔ በየክፍሉ ገብቼ ቆጥሬያለሁ፤ አዲሱ ሃያ አራት ነው። ስድስቱ የት ነው ያሉት?» አለች። ማንም መልስ አልሰጠም። ሰብሳቢው «እታለም፣ ይጣራል» አላት። «መቼ?» አለችው።

በሳምንቱ ተጣራ። ስድስቱ ዴስኮች አናጢው ቤት ነበሩ። ቀሪ ሒሳቡ ስላልተከፈለው አላስረክብም ብሎ ይዟቸዋል። ወረቀቱ ላይ ግን ሒሳቡ ሙሉ በሙሉ ወጪ ሆኗል ይላል። ልዩነቱ ማን እጅ እንደነበረ ሁላችንም አወቅን፤ ተመለሰ፤ ዴስኮቹም በጋሪ መጡ። ከዚያ ወዲህ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ለወመህ አይሆንም ሲባል አልቀበልም። ጸሐፊው መጻፍ አለበት፣ ገንዘብ ያዡ ማስላት አለበት። ሌላው አባል የሚያስፈልገው ሄዶ የሚያይ እግርና ያየውን የሚናገር አፍ ነው።

ታዲያ በተጠቆሙት መካከል እንዴት እንለይ? እኔ የማየው ጥቂት ነገር ነው። ልጁ አሁን እዚያ ትምህርት ቤት ይማራል ወይ? ልጁን ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ልኮ የሚያስተምር ሰው ቅን ሊሆን ይችላል፤ የጎደለው መጽሐፍ ግን ማታ ቤቱ አይመጣበትም። ሌላው፣ እድር ላይ ወይም ማኅበር ላይ ገንዘብ ይዞ ያውቃል ወይ፣ ከያዘስ በምን መልክ አስረከበ? ደረሰኝ ቆርጦ፣ ቀሪውን ቆጥሮ ያስረከበ ሰው እዚህም እንደዚያው ነው። ርዕሰ መምህሩን ይፈራል ወይ፣ ወይስ ይጣላዋል? ሁለቱም አይሆንም። የሚፈራው ፈርሞ ይወጣል፤ የሚጣላው ደግሞ የግል ቂሙን ይዞ ይገባል፣ ልጆቹ መካከል ላይ ይቀራሉ።

ከሁሉ በላይ የማየው ግን በጥር ወር ምን እንደሚያደርግ ነው። የኛ አገር ሰርግ ጥር ላይ ይበዛል። ከገና በኋላ ከስድስተኛና ከሰባተኛ ክፍል ወንበሯ ባዶ የሚቀር ልጅ አለች፤ ሁላችንም የት እንደሄደች እናውቃለን። የክልሉም የአገሪቱም የቤተሰብ ሕግ ዕድሜው 18 ዓመት ካልሞላ ጋብቻ የለም ይላል። ሕጉን መምህሩ ያውቀዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ወጣት ነው፣ የመንደሩን አባወራ ደጅ ሄዶ «ልጅህን መልስ» ለማለት አቅም ያንሰዋል። ያንን ደጅ ሊያንኳኳ የሚችለው የመንደሩ ሰው ነው። ስለዚህ ዕጩው ፊት «ባለፈው ዓመት ያቋረጡትን ልጆች በስም ታውቃቸዋለህ ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንድ ስም እንኳ የሚጠራ ሰው ለእኔ ከሌሎቹ ይቀድማል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ብዙው ተጎድቷል። ይህን የምታነቡ ወላጆች ውስጥ ልጁ ከቤት የዋለበት አለ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የሚጠራው ስም፣ የተረፈውን መጽሐፍና የተረፈውን ወንበር ቆጥሮ የሚረከበው ሰው ስም ነው። እነዚያን ልጆች አንድ በአንድ እየዞረ የሚመልሰውም እሱ ነው። በዚያ ቀን ቸኩለን ጭብጨባ ላይ አንድረስ።

አሠራሩንም ማስተካከል ይቻላል፤ አዲስ ሕግ አይጠይቅም። ስብሰባው ሲጀመር፣ ጥቆማው ሳይከፈት «ከሚፈለገው ቁጥር በላይ እንጠቁም» ብሎ አንድ ሰው ቢያነሣ ይበቃል፤ አምስት ከሆነ ስምንት ይጠራ። የሌለ ሰው አይጠቆም ይባል። የተጠቆሙት ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ይቁሙ፤ ተማሪዎቻችን የክፍል አለቃ ሲመርጡ የሚያደርጉት ነው፣ ለትልቅ ሰውም ነውር የለበትም። ማን እንደደገፈው ካላየ ቅያሜው ይቀንሳል። ከተቻለ ደግሞ ቆጠራው በወረቀት ይሁን። «ከአቅሜ በላይ ነው» የሚለውን ሰው «ሕዝብ ፈልጎሃል» እያልን አናስጨንቀው፤ አምነን እንልቀቀው። ተለምኖ የገባ ሰው ሲጠየቅም «እናንተ ናችሁ የጎተታችሁኝ» ይላል።

ዋናው ግን ከስብሰባው በፊት ያለው ሳምንት ነው። የምትጠቁሙትን ሰው ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁት። ቡና ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ከሌሎች ወላጆች ጋር ተነጋገሩበት። ጎጃሜ ለልጁ ሚስት ሲመርጥ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ልጁ ስምንት ዓመት የሚውልበትን ግቢ ለሚጠብቅ ሰው አንድ ምሽት መስጠት አይበዛም።

ባለ ሽንኩርቷን እናት በሚቀጥለው ምርጫ የጠቆምኋት እኔ ነበርሁ። ከሁለት ቀን በፊት ቤቷ ሄጄ ስለጠየቅኋት አልደነገጠችም። ስሟ ሰሌዳው ላይ ከተጻፈ በኋላ ሰብሳቢው «እሺ ትላለች ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ከኋላ ረድፍ ተነሥታ፣ «እሺ እላለሁ። የንብረት ክፍሉን ቁልፍ ማን እንደሚይዘው ግን አሁኑኑ፣ እዚሁ ሰው ፊት ይነገረኝ» አለች።