ኮሊሲን፦ ባክቴሪያ ዘመዱን የሚገድልበት መርዝ

ኮሊሲን በአንጀታችን የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ተቀናቃኞቹን ለመግደል የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ተቀናቃኝ ሲባል ግን ባዕድ እንዳይመስላችሁ። በአብዛኛው የሚሞተው ሌላ ኢ. ኮላይ ወይም የቅርብ ዘመዱ ነው። ያው፣ ቦታውንና ምግቡን የሚሻማው ዘመድ ነዋ።

ቤልጂየማዊው አንድሬ ግራሲያ ይህን ያስተዋለው በ1925 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ኮሊሲን የሚለው ስም የወጣለት ግን በ1946 ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ነገሩን በዓይን ማየት ይቻላል። ሳህን ላይ መርዙ የሚገድለው ኢ. ኮላይ በስሱ ይዘራል፤ መሃሉ ላይ ገዳዩ በጠብታ ይቀመጣል። በማግስቱ ሳህኑ በሙሉ ጭጋግ የለበሰ መስሎ በባክቴሪያ ይሸፈናል። በጠብታዋ ዙሪያ ብቻ ጥርት ያለ ቀለበት ይቀራል። እዚያ የደረሰ አልተረፈም።

የመርዙ ቀመር ያለው ፕላስሚድ በሚባል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ነው። ፕላስሚዱ መርዙን ብቻ ሳይሆን ማርከሻውንም ይዟል። ማርከሻው ሁልጊዜ ይመረታል። መርዙ ግን በብዛት የሚሠራው ባክቴሪያው ሲጨንቀው፣ በተለይ ዲኤንኤው ሲጎዳ ነው። ያኔም ቢሆን አንድ ችግር አለ። ኢ. ኮላይ ኮሊሲኑን ወደ ውጭ የሚተፋበት አፍ የለውም። ስለዚህ ሽፋኑን የሚቀድ ሌላ ፕሮቲን ይሠራል፤ መርዙ ይፈሳል፣ እሱም ይሞታል። ጥቅሙ ለማን ነው? ያንኑ ፕላስሚድ ለያዙ ወንድሞቹ። ማርከሻው ስላላቸው መርዙ አይነካቸውም፤ የሟቾቹን ቦታም ይወርሳሉ።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ አገባቡ ነው። የኢ. ኮላይ የውጭ ሽፋን እንዲህ ያለ ትልቅ ፕሮቲን አያሳልፍም። ሆኖም ባክቴሪያው መብላት ስላለበት በሮች አሉት። አንዱ በር የቫይታሚን ቢ12 ማስገቢያ ነው። ኮሊሲን ኢ የሚባሉት ዓይነቶች እዚህ በር ላይ ይለጠፋሉ፤ ሌሎች ደግሞ በብረት ማዕድን ማስገቢያ በኩል ይመጣሉ። ከገቡ በኋላ ሥራቸው ይለያያል። ኢ1 የውስጡን ሽፋን ይበሳል። ኢ2 ዲኤንኤውን ይቆራርጣል። ኢ3 ፕሮቲን የሚሠራውን ራይቦዞም አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ይቆርጣል፤ በቃ፣ ምርት ይቆማል። ለአንድ ባክቴሪያ አንዲት ሞለኪውል ልትበቃው ትችላለች።

ታዲያ ሁሉም ለምን ገዳይ አልሆነም? መሣሪያ መሸከም ወጪ አለዋ። አንዳንዱ ባክቴሪያ በሩን በማበላሸት መርዙን ያመልጣል። የመርዙ ወጪ ስለሌለበት ከገዳዩ ቶሎ ይራባል። ግን የምግብ በሩ ስለተበላሸ በሩ ደህና የሆነው፣ ያ መርዝ የሚገድለው፣ ቶሎ በመራባት ይበልጠዋል። እሱን ደግሞ ገዳዩ ይፈጀዋል። ክቡ እንዲህ ይዞራል። በ2002 የወጣ ጥናት ሦስቱን አብሮ አሳድጎ ነበር። ሳህን ላይ፣ እያንዳንዱ በሠፈሩ ሆኖ፣ ሦስቱም አብረው ኖሩ። በሚናወጥ ብልቃጥ ውስጥ ግን በሩን ያበላሸው ብቻ ቀረ። ሠፈር ከሌለ ክቡ ይሰበራል ማለት ነው። በ2004 ደግሞ ተመሳሳይ መፈራረቅ በአይጦች አንጀት ውስጥ ታየ።

ይህ የኢ. ኮላይ ብቻ ጠባይ አይደለም። በአንጀት ውስጥ እጅግ የሚበዙት ባክቴሮይዴስም ዘመዶቻቸውን በፕሮቲን ይገድላሉ። በ2014 ይፋ የሆነው አንዱ፣ የሰው መከላከያ ሴሎች ከሚጠቀሙበት ሽፋን በሺ ፕሮቲን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው።

ማይክሮሲን የሚባሉት አነስ ያሉ የባክቴሪያ መርዞች ደግሞ ለመውጣት የሠሪውን ሞት አይጠይቁም። ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ኒስለ በ1917 ጓዶቹን የያዘው ተቅማጥ ካልነካው ወታደር ሰገራ አንድ ኢ. ኮላይ ለይቶ አወጣ። ዛሬም ኒስለ 1917 ተብሎ በእንክብል ይሸጣል። ይህ ዝርያ ሁለት ማይክሮሲኖች ይሠራል። ሁለቱም ብረት ለቃሚ ሞለኪውል ተለጥፎባቸዋል። ብረት የራበው ተቀናቃኝ ምግብ መጣልኝ ብሎ በሩን ራሱ ይከፍትላቸዋል።