የተፈጨ የበሬ ሥጋ በቤት ማዕድ ቤት

ከአንድ ኪሎ የተፈጨ የበሬ ሥጋ የፓስታ ሶስ፣ ድብልብል ሥጋ (ፖልፔቲ)፣ በርገር ወይም የአትክልት ሙሌት መሥራት ይቻላል። እነዚህን ምግቦች በዋናነት የሚለያያቸው ቅመም አይደለም፤ ጨው መቼ እንደገባና ሥጋው ምን ያህል እንደታሸ ነው። ጨው ከጥሬ ሥጋ ጋር ሲታሽ የሥጋውን ፕሮቲን ያሟሟዋል፤ ሥጋውም እንደ ሊጥ ይያያዛል። ለድብልብል ሥጋ የሚፈለገው ይኸው ነው። በርገር ግን በዚህ መንገድ ከተዘጋጀ ሲነከስ እንደ ቋሊማ ይጠጥራል።

መፍጨትና ማስቀመጥ

ለሶስ ከ10 እስከ 15 በመቶ፣ ለበርገር 20 በመቶ ገደማ ስብ ያለው ሥጋ ይመረጣል። ቀይ ብቻ የሆነ ሥጋ ጤናማ ይመስላል እንጂ መጥበሻ ላይ ቶሎ ይደርቃል፤ የሚስማማው መረቅ ለበዛበት ምግብ ወይም ለሙሌት ነው። ጥሩ ውሁድ የሚወጣው ወርችና ፍሪምባ ተቀላቅለው ሲፈጩ ነው፤ ጅማቱ ግን አስቀድሞ መውጣት አለበት።

ቤት ውስጥ ለሚፈጭ ሰው ዋናው ነገር ቅዝቃዜ ነው። ሥጋው በ3 ሴንቲ ሜትር ተቆራርጦ ትሪ ላይ ይዘረጋና ጠርዙ እስኪጠጥር ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል። የመፍጫው ምላጭና ወንፊትም አብረው ይቀዘቅዛሉ። ስቡ ከሞቀ ምላጩ አይቆርጠውም፤ ያሸዋል። በደንብ የተፈጨ ሥጋ ነጩና ቀዩ ተለይቶ ይታያል፤ የሞቀው ግን ሮዝ መልክ ይዞ እየተለጠፈ ይወጣል። እንዲህ ሲሆን ማሽኑን አቁሞ ምላጩን መፍታት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጅማት ተጠምጥሞበት ይገኛል።

ጥሬው የተፈጨ ሥጋ በ4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ወይም ከዚያ በታች በሆነ ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ብቻ ይቀመጣል። ፍሪዘር ውስጥ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለሦስትና ለአራት ወር ጣዕሙን ይጠብቃል። በ500 ግራም ተከፍሎ፣ በላስቲክ ከረጢት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዳምጦ ሲገባ በአንድ ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ ይቀልጣል። ድቡልቡል ሆኖ የቀዘቀዘው ግን ዳሩ ለስልሶ መሃሉ ድንጋይ እንደሆነ ያድራል።

አበሳሰሉን በተመለከተ የተፈጨ ሥጋ እንደ ሙሉ ሥጋ አይደለም። በሙሉ ሥጋ ላይ ባክቴሪያ በአብዛኛው የሚገኘው በገጹ ነው፤ መፍጨት ግን የላዩን ወደ ውስጥ ይከተዋል። ስለዚህ መሃሉ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት። ቀለሙን ማመን አያዋጣም፦ አንዳንዱ ሥጋ 71 ሳይደርስ ይጠቁራል፣ አንዳንዱ ደግሞ በስሎም ሮዝ ሆኖ ይቀራል። አስተማማኙ የምግብ ቴርሞሜትር ነው።

ተበትኖ የሚበስል

የሶስ ሥጋ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ነው። 500 ግራም ሥጋ በአንድ ጊዜ ጠባብ መጥበሻ ላይ ከተጫነ የሚያወጣው ውሃ መትነኛ ስለሚያጣ ሥጋው በራሱ ውሃ ተቀቅሎ አመድ ይመስላል። 28 ሴንቲ ሜትር በሆነ መጥበሻ ላይ ለሁለት ከፍሎ መጥበስ ይሻላል። መጥበሻው በደንብ ይግል፣ ሥጋው ይዘርጋ፣ ለሦስት ደቂቃ ያህልም ሳይነካ ይቆይ፤ ከዚያ ይገለበጥና ይበተናል።

እዚህ ላይ ከዓይን ይልቅ ጆሮ ይረዳል። ሥጋው እንደገባ ይንጫጫል፤ ውሃ ሲያወጣ ድምፁ ወርዶ ይንተከተካል፤ ውሃው ሲያልቅ እንደገና መንጫጫት ይጀምራል። ቡናማ ቀለምና ጣዕም የሚመጡት ከዚህ ከሁለተኛው ጩኸት በኋላ ነው። ብዙ ሰው ግን በመሃሉ ቸኩሎ ቲማቲሙን ይጨምርና ሶሱ ለምን ጣዕም እንዳጣ ግራ ይገባዋል። መጥበሻው ሥር የተጣበቀውም የጣዕሙ አካል ነውና ትንሽ ውሃ ጨምሮ በእንጨት ማማሰያ መፋቅ ነው እንጂ ማጠብ አያስፈልግም።

ለአራት ሰው የሚሆን የፓስታ ሶስ ለመሥራት አንድ ሽንኩርት፣ አንድ ካሮትና አንድ ዘለላ ሴለሪ ደቀው ይከተፉና በዘይት ለ10 ደቂቃ በለዘብተኛ እሳት ይለሰልሳሉ። የተጠበሰው 500 ግራም ሥጋ ይጨመራል፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ገብቶ መልኩ እስኪጠቁር ሁለት ደቂቃ ይታሻል። ቀጥሎ 400 ግራም የተፈጨ ቲማቲምና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይገባና እምብዛም ሳይፈላ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይበስላል። መጨረሻ አካባቢ ግማሽ ኩባያ ወተት መጨመር የቲማቲሙን ኮምጣጣነት ያለዝባል። ወተቱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የጣሊያን የምግብ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1982 በቦሎኛ ንግድ ምክር ቤት ባስመዘገበው አሠራር ውስጥም አለ። ያ አሠራር ሥጋ ይበዛበታል፣ ቲማቲም ያንስበታል፤ የሚቀርበውም ከስፓጌቲ ጋር ሳይሆን ታልያቴሌ ከሚባለው ጠፍጣፋ ፓስታ ጋር ነው።

ይኸው ሥጋ ከቀይ ቦሎቄ ጋርም ይሄዳል። ደረቅ ቦሎቄ ከሆነ አንድ ሌሊት ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ ፍልቅልቅ ብሎ መፍላት አለበት፤ ያለዚያ በውስጡ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር ሆድ ያውካል። በዝግታ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ብቻ ማብሰል ይህን አይተካም።

ታሽቶ የሚያያዝ

ለድብልብል ሥጋ 50 ግራም የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ በ90 ሚሊ ሊትር ወተት 10 ደቂቃ ይነከራል። 500 ግራም ሥጋ፣ አንድ እንቁላል፣ ተፈግፍጎ የተጨመቀ ትንሽ ሽንኩርት፣ 8 ግራም ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይጨመርበትና እጅ ላይ መያያዝ እስኪጀምር ሁለት ደቂቃ ያህል ይታሻል። በ40 ግራም ሲድበለበል 18 ያህል ይወጣል። በወተት የራሰው ዳቦ ማብዣ ብቻ አይደለም፤ ፕሮቲኑ ሲሞቅ ተኮማትሮ ውሃውን እንዳይጨምቅ ያግዳል። ከመድበልበል በፊት ግን ጥቂቱን ጠብሶ መቅመስ ነው፤ ጥሬውን መቅመስ አይቻልምና።

በ220 ዲግሪ ኦቭን ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ወይም ላዩ ተጠብሶ ሶስ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ድስት ውስጥ ከተበተነ ሽንኩርቱ ውሃ ይዞ ነበር ወይም በቂ አልታሸም ማለት ነው፤ ከደረቀ ደግሞ ዳቦው አንሷል ወይም ሥጋው ስብ የለውም። መጠኑ እጥፍ ተደርጎ እንደ ዳቦ ተድቦልቡሎ በ180 ዲግሪ አንድ ሰዓት ያህል ሲጋገር ደግሞ ተቆራርጦ የሚቀርብ የሥጋ ጥቅል ይሆናል። ጥልቅ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሳይሆን ትሪ ላይ ይጋገር፤ ቅርጽ ማውጫው የወጣውን ስብ አቁሮ ይቀቅለዋል። ከወጣ በኋላ ሳይቆረጥ 10 ደቂቃ ይረፍ።

የማይታሸው በርገር

በርገር ላይ እንቁላልም ሆነ ዳቦ አያስፈልግም። 150 ግራም ቀዝቃዛ ሥጋ ሳይጨመቅ ተሰብስቦ በ2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይዘረጋል፤ ሲበስል ስለሚሰበሰብ ከዳቦው በ1 ሴንቲ ሜትር ይስፋ። መሃሉን በአውራ ጣት ጎድጎድ ማድረግ እንዳይነፋ ይረዳል። ጨው የሚነሰነሰው መጥበሻ ላይ ሊገባ ሲል፣ ላዩ ላይ ብቻ ነው። በመገልበጫ መጫን የሚያስደስት ድምፅ ያወጣል፤ የሚንጫጫው ግን እየወጣ ያለው የሥጋው ጭማቂ ነው።

በኦቭን

ፈረንጅ ቃሪያ በሥጋና በሩዝ ሲሞላ የተለመደው ስህተት ጥሬ ሩዝ መክተት ነው። ሥጋው በስሎ ሩዙ ይንኮሻኮሻል፤ ስለዚህ ሩዙ አስቀድሞ ግማሽ ይቀቀል። ለስድስት ቃሪያ 300 ግራም ሥጋና 80 ግራም ሩዝ ይበቃል። ሩዙ ስለሚያብጥ አፉ ድረስ አይሞላም፤ ትሪው ሥር አንድ ጣት ያህል የቲማቲም መረቅ ተደርጎ፣ በፎይል ተሸፍኖ በ180 ዲግሪ 45 ደቂቃ ይጋገራል፤ የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች ፎይሉ ይነሳል።

በላዩ የድንች ገንፎ የሚለብሰውም ቀላል ነው፦ 500 ግራም በሶስ የተሠራ ሥጋ ከሥር፣ 800 ግራም ተቀቅሎ የተፈጨ ድንች ከላይ፣ 200 ዲግሪ፣ ግማሽ ሰዓት። ሶሱ ወፍራም ይሁን፣ ድንቹ ከመደረቡ በፊትም ይቀዝቅዝ፤ ትኩስና ቀጭን ሶስ ላይ የተደረበ ድንች ይሰምጣል። ላዩ በሹካ ሲጫር ጉብታዎቹ ቡናማ ሆነው ይንኮሻኮሻሉ።