«ዊንዶው 10 ቀረ» ከተባለ ወዲህ ደሴ ላይ የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መምህር ነኝ እንጂ የኮምፒውተር ጠጋኝ አይደለሁም። ሆኖም እኛ ሰፈር፣ ሆጤ፣ የጎረቤትም የዘመድም ኮምፒውተር አልነሣ ሲል መጀመሪያ የሚደወለው ለእኔ ነው። ከ2018 ዓ.ም. ጥቅምት ወዲህ ደግሞ ስልኩ በዝቷል፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ አዲሱ ዊንዶው ነው። ያየሁት ነገር በጣም አሳዝኖኛል። የዓመታት ፋይል ጠፍቷል፣ ደህና ማሽን በርካሽ ተሸጧል፣ ለማይሆን ዕቃ ብር ወጥቷል። አብዛኛው ጉዳት የመጣው ሲስተሙ ከመጫኑ በፊት ሰዎች እርግጠኛ ሆነው ከያዙት የተሳሳተ ነገር ነው። በተደጋጋሚ የሰማኋቸውን ላንሣ።

«ዊንዶው 10 ተዘግቷል፤ ከእንግዲህ አይሠራም»

አልተዘጋም። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025) ያበቃው ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በየወሩ በነፃ ይልክ የነበረው የደህንነት ማስተካከያ ነው። ኮምፒውተሩ ይበራል፣ ወርድ ይከፍታል፣ ፕሪንት ያደርጋል። ከዚያ ቀን በኋላ የሚታወቅ ቀዳዳ ግን የሚደፍነው የለም። «እኔ ኢንተርኔት አልጠቀምም» የሚሉ አሉ፤ ይሄም አያስተማምንም። እኛ ጋ ቫይረስ የሚዞረው በፍላሽ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ የወጣ ፍላሽ ስንት ማሽን ነክቶ እንደመጣ ማን ያውቃል?

ጊዜ ለሚፈልግ ሰው ማይክሮሶፍት ተጨማሪ የአንድ ዓመት የደህንነት ማስተካከያ አዘጋጅቷል፤ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ይቆያል። 22ኤች2 የሚባለው የዊንዶውስ 10 የመጨረሻ እትም ካለህ፣ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተህ የሴቲንግህን ባክአፕ ከከፈትክ ሳትከፍል መመዝገብ ትችላለህ። የምዝገባው ቦታ ራሱ የአፕዴት ገጹ ላይ ነው። ይህን ያልሰማ ሰው ነው በድንጋጤ ላፕቶፑን የሚሸጠው።

«ራም ከጨመርኩበት 11ን ይቀበላል»፣ «የእኔ እኮ ኮር አይ7 ነው»

ሁለቱም ዋናውን ነጥብ ይስታሉ። መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ራም 4 ጊጋ ብቻ ነው፤ የዲስክ ቦታም 64 ጊጋ ይበቃዋል። ማሽኖቻችንን የሚጥላቸው የፕሮሰሰሩ ትውልድና ቲፒኤም 2.0 የሚባለው ነገር ነው። ቲፒኤም ማለት የምስጢር ቁልፎችን የሚይዝ የማሽኑ ክፍል ነው።

ትውልዱን ማንበብ ቀላል ነው። ኢንቴል ከሆነ ከስሙ ሰረዝ በኋላ ያለውን ቁጥር እይ። አይ5-7200 ከሆነ ሰባተኛ ትውልድ ነው፤ አይ5-8250 ከሆነ ስምንተኛ። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛው ጀምሮ ነው። ስለዚህ አራተኛ ትውልድ አይ7 ይወድቃል፣ ስምንተኛ ትውልድ አይ3 ያልፋል። ፒያሳ ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዛ «አይ7 ነው» ሲሉህ ቀጥሎ መጠየቅ ያለብህ ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ፣ ብቁ የሆነ ማሽን «አይቀበልም» ተብሎ ሲመለስ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ስምንተኛ ትውልድ ነው፣ ቲፒኤም አለው፣ ግን ባዮስ ውስጥ (ዊንዶው ከመነሣቱ በፊት የሚሠራው የማሽኑ የራሱ ሴቲንግ) ተዘግቷል። ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ታገኘዋለህ፤ መክፈት ብቻ ነው። ሳንቲም አይወጣበትም።

መስፈርቱን ዘልሎ የሚጭን ፍላሽ እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ብዙ ልጆች ይሠሩታል። ይጫናል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነ ማሽን ወደፊት አፕዴት ለመላክ ዋስትና አይሰጥም፤ በጣም የቆዩ ፕሮሰሰሮች ላይ ደግሞ 24ኤች2 ከሚባለው የዊንዶውስ 11 እትም ጀምሮ ጨርሶ አይነሣም። ይህን ሳይነግርህ የሚጭንልህ ሰው ሙሉውን እውነት አልነገረህም።

«ፋይሌን ዲ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ሲ ብቻ ነው የሚጠፋው»

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ከሁሉም በላይ ሰው ያስለቀሰ ይህ ነው።

ለዓመታት ልማዱ ይሄው ነበር። ማሽኑ ሲንቀራፈፍ ፎርማት ይደረጋል፣ ሲ ይጸዳል፣ ዲ ይተርፋል። ልማዱ ስለሠራ ሁሉም አመነው። በዚህኛው ዙር ግን አንድ ነገር ተቀይሯል። የድሮ ማሽኖቻችን አብዛኛውን ጊዜ የተጫኑት ኤምቢአር በሚባለው የዲስክ አከፋፈል ነው። ዊንዶውስ 11 በደንቡ ሲጫን ዩኢኤፍአይ በሚባለው አነሣሥ ነው፤ ያ ደግሞ ጂፒቲ የሚባል አከፋፈል ይፈልጋል። ጠጋኙ ፍላሹን ሰክቶ ሲጀምር «በዚህ ዲስክ ላይ መጫን አይቻልም» የሚል መልእክት ይመጣበታል። አቋራጩ ምንድነው? ክፍልፋዮቹን በሙሉ መሰረዝ። ሲም ዲም አንድ ላይ ይሄዳሉ። ከዚህ በፊት ከአምስት ፎርማት የተረፈው ዲ በስድስተኛው የሚጠፋው ለዚህ ነው።

የአንድ ጎረቤቴ የእናቱ ፎቶዎች የጠፉት እንዲህ ነው። ጠጋኙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ «ዲ ላይ ምን አለህ?» ብሎ አልጠየቀም፣ ጎረቤቴም አልተናገረም። ሁለቱም ዲ እንደማይነካ አምነው ነበር።

እውነታው ሲጠቃለል ዲ የተለየ ዕቃ አይደለም፤ ያው አንዱ ዲስክ ነው። ዲስኩ ሲበላሽም ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ባክአፕ ማለት ከማሽኑ ውጭ፣ በኤክስተርናል ወይም በሌላ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ነው። ፋይል ሳይሰርዝ ኤምቢአርን ወደ ጂፒቲ የሚቀይር መሣሪያ ዊንዶውስ 10 ውስጥ ራሱ አለ፤ ቢሆንም እሱንም ከባክአፕ በፊት አትሞክር።

«ፎርማት ካልተደረገ አዲሱ አይገባም»

ይገባል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በፍላሽ ከተነሣ የሚደረገው አዲስ ጭነት ነው። ዊንዶውስ 10 በርቶ እያለ ሴትአፑን ከከፈትከው ግን ፋይሎችህንም ፕሮግራሞችህንም ይዞ መሻገር ይችላል፤ «ፋይሎችንና ፕሮግራሞችን አቆይ» የሚለው ምርጫ መመረጡን በዓይንህ ተመልከት። ካልተስማማህ በ10 ቀን ውስጥ ከሴቲንግ ወደ ቀድሞው መመለስ ትችላለህ። ከ10 ቀን በኋላ አሮጌውን ስለሚያጠፋው መመለሻ የለም። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፦ የተጫነብህ ዊንዶውስ 10 ባለ 32 ቢት ከሆነ እንዲህ መሻገር አይቻልም፣ 11 ባለ 64 ቢት ብቻ ነውና።

«አማርኛው ፋይል ተበላሸ»

የእድራችን ጸሐፊ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ኮምፒውተራቸውን ፎርማት አስደርገው በመጡ ማግስት ጠሩኝ። ስክሪኑ ላይ የተከፈተው የእድሩ መዝገብ ነበር፤ ግን የአማርኛ ፊደል አንድም አይታይም። የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ የዶላር ምልክት ተደባልቆ ገጹን ሞልቶታል። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው «ልጄ፣ የሃያ ዓመት መዝገብ ነው፤ የሞቱት ሁሉ ስም እዚህ ነበር» አሉኝ። «ጋሼ፣ አልጠፋም፤ እዚሁ ነው ያለው» ብላቸው አላመኑኝም።

አልጠፋም ነበር። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት፣ ዓለም አቀፍ ቁጥር ያገኘው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩትና ከዚያ በኋላም ለዓመታት የጻፍንባቸው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ የቀድሞ ፎንቶች የሚሠሩት የአማርኛውን ቅርጽ በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ በማስቀመጥ ነበር። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የእንግሊዝኛው ቁጥር ነው፤ አማርኛ አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ፎርማት ሲደረግ ፎንቱ ሄደ፣ ቁጥሩ ቀረ። ያንኑ ፎንት ከሰኞ ገበያ አካባቢ ካለ ጽሕፈት ቤት በፍላሽ አምጥቼ ስጭነው ስሞቹ በቦታቸው ተመለሱ። ጋሼ ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ አነበቧቸው፤ እኔም ተቀምጬ ጠበቅኋቸው።

ስለዚህ ማሽኑን ለማንም ከመስጠትህ በፊት ሲ ውስጥ፣ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለውን ፎንትስ የሚለውን ፎልደር እንዳለ ኮፒ አድርገህ አስቀምጥ። ፎርማት ሳይደረግ ከተሻገርክ ፎንቶቹ ስለማይነኩ ይህ ችግር አይመጣም። የድሮ ጽሑፎችን ወደ ዩኒኮድ መቀየርም አይቆይ፤ ያልተቀየረ ጽሑፍ ቴሌግራም ላይ ብትለጥፈው ያው የፈረንጅ ፊደል ነው።

ቀለል ያለ ሌላ ጉዳይ አለ። ኒያላ በሚባለው የአማርኛ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ በአዲስ ጭነት ላይ ሲከፈት ፊደሉ ሌላ መልክ ይይዛል፣ ገጹም ይንሸራተታል። ኒያላ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ በራሱ አይመጣም፤ ኦፕሽናል ፊቸርስ ከሚለው ውስጥ የኢትዮጵያ ተጨማሪ ፎንቶችን መርጠህ ማውረድ አለብህ።

«ሲጫን የማንም ኢሜይል ቢገባ ችግር የለውም»

ዊንዶውስ 11 ሆም ሲጫን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። ጥገና ቤት ውስጥ ወረፋ አለ፣ ባለቤቱ የለም፤ ጠጋኙ የራሱን ኢሜይል ያስገባና ያስረክባል። ኮምቦልቻ ያለች የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ እንዲህ ነበር የተጫነው። ወራት አለፉ። አንድ ቀን ባዮሱ አፕዴት አደረገና ሰማያዊ ስክሪን መጣ፤ ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ አስገቢ ይላል። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ምንም ቁልፍ አልቆለፍኩም» አለችኝ እያለቀሰች።

እሷ አልቆለፈችም፤ ማሽኑ ነው የቆለፈው። ከ24ኤች2 ጀምሮ ዊንዶውስ 11 እንደ አዲስ ተጭኖ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባበት፣ በብዙ ማሽኖች ላይ ዲስኩን በራሱ ይቆልፋል። ቁልፉን የሚያስቀምጠው ደግሞ መጀመሪያ በገባው ሰው አካውንት ውስጥ ነው። ያ ሰው ጠጋኙ ነበር፤ እሱም ከተማውን ለቆ ሄዷል። በሰው በሰው ስልኩን አግኝተን ስድስት ስድስት እያደረገ፣ ስምንት ጊዜ፣ በስልክ አነበበልን። መሐል ላይ ኔትወርክ ተቋረጠና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። እሱ ባይገኝ ኖሮ የማስተርስ ጥናቷ እዚያው ተቆልፎ ይቀር ነበር።

ላፕቶፑን ስትረከብ እዚያው ቁጭ ብለህ የማን አካውንት እንደገባበት እይ። ያንተ ካልሆነ የራስህን አስገባ፤ የሪከቨሪ ቁልፉንም ወረቀት ላይ ጽፈህ ከቤት ካርታህ ጋር አስቀምጠው።

«አዲስ ሲስተም ማሽኑን ያፈጥነዋል»

በራሱ አያፈጥንም። የሚያንቀራፍፈው አብዛኛውን ጊዜ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። የሚሽከረከር ነገር በሌለው ፈጣን ዲስክ፣ በኤስኤስዲ፣ ብትቀይረው ያው ዊንዶውስ 10 ራሱ ሌላ ማሽን ይመስልሃል። ብር ካለህ መጀመሪያ እዚያ ላይ አውጣ።

«መሐል ላይ መብራት ከጠፋ ማሽኑ አለቀለት»

ደሴ ላይ ይህ ስጋት የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ሴትአፑ መሐል ላይ ሲቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን ሞልተህ ጀምር፤ ዴስክቶፕ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆየውን ባትሪ፣ ዩፒኤስ፣ ከጎረቤት ተዋስ። የእውነት የሚያስፈራው የባዮስ አፕዴት ነው፤ እሱ ሲቋረጥ ማሽኑ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። በሞባይል ፓኬጅ ማውረድም ግዴታ አይደለም፤ ፋይሉ ከ5 ጊጋ በላይ ስለሆነ አንድ ሰው ካወረደው ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ለሰፈሩ ይበቃል።

«ክራክ ካልተደረገ አይሠራም»

በሕጋዊ መንገድ አክቲቬት የሆነ ዊንዶውስ 10 ካለህ ወደ 11 መሻገር ነፃ ነው፤ ፈቃዱ ከማሽኑ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ተመልሶ ይገኛል። አክቲቬት ማድረጊያ ተብሎ የሚታደለው ፕሮግራም ግን መጀመሪያ አንቲቫይረስህን አጥፋ ይልሃል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያስገባ ማየት አትችልም።

«ሊኑክስ ለኢንጂነር ብቻ ነው»

11 የማይቀበላቸውን ማሽኖች በተመለከተ የምመክረው ይህን ነው። ሊኑክስ በዊንዶው ምትክ የሚጫን ሌላ ሲስተም ነው፤ ከዓይነቶቹ አንዱ የሆነው ሊኑክስ ሚንት ነፃ ነው፣ አቀማመጡ ለዊንዶው ሰው አያደናግርም፣ ከፍላሽ አስነሥተህ ሳትጭነው መሞከር ትችላለህ። ፕሪንተርህና ዋይፋይህ መሥራታቸውን በዚያው እይ። አማርኛ መጻፊያ አለው፤ ሊብረ ኦፊስም አብዛኞቹን የወርድና የኤክሴል ፋይሎች ይከፍታል። ለዊንዶው ብቻ የተሠሩ ፕሮግራሞች ግን እንደዚያው አይሠሩበትም፤ የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝም ከእነሱ አንዱ ነው። ኑሮው በፓወር ግዕዝ ላይ የሆነ ጸሐፊ ዊንዶውስ 10 ላይ ሆኖ ለተጨማሪው ዓመት ይመዝገብ፣ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ባለው ጊዜም የድሮ ጽሑፎቹን ወደ ዩኒኮድ ያዙር። የእድራችን ጸሐፊ ጋሼ የመረጡት ይህንን ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ቅዳሜ ከሰዓት እየሄድኩ አብረን እየቀየርን ነው፣ አሁን የ1996ቱ ዝርዝር ላይ ደርሰናል።