በአየርላንድ የድሆች ቤት የሞተ ዘመድ፦ መዝገቡ የሚለውና የማይለው

በ1838 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የወጣ ሕግ አየርላንድን በ130 ወረዳዎች ከፍሎ በየወረዳው የድሆች ቤት አሠራ። ወርክሃውስ ይሉታል። በ1845 ድንቹ መበስበስ ሲጀምርና ረሃቡ ሲገባ እዚያ ያለቀው ሰው ብዙ ነው። ዛሬ የቅድመ አያታቸውን አሟሟት የሚፈልጉ ሰዎችን ገና ሳይጀምሩ ተስፋ የሚያስቆርጡ ወሬዎች አሉ።

«መዝገቡ በ1922 ተቃጥሏል።» የመንግሥት መዝገብ ቤት የነበረበት የደብሊኑ የፍርድ ቤት ሕንፃ፣ ፎር ኮርትስ፣ ሲቃጠል ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች በአብዛኛው ጠፍተዋል፤ ይሄ ልክ ነው። የድሆች ቤት መዝገቦች ግን በየወረዳው ነበር የሚቀመጡት። የተረፉት በየአካባቢው ቤተ መዛግብት ይገኛሉ፤ የሰሜኖቹ ቤልፋስት ናቸው። ዕድል ነው እንግዲህ፦ የአንዱ ወረዳ ተርፎ የጎረቤቱ የለም።

«የሟቾች መዝገብ ካልተገኘ አለቀ።» ኧረ አላለቀም! የመግቢያና መውጫውን መዝገብ ክፈቱ። በአንድ መስመር ስም፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ ሥራ፣ የመጣበት ሰፈርና የገባበት ቀን አለ። መጨረሻ ላይ የወጣበት ወይም የሞተበት ቀን ይመጣል። ሰፈሩ የተጻፈው ለእኛ ታስቦ አይደለም፤ ወጪውን የየትኛው አካባቢ ግብር ከፋይ ይሸፍን ለማለት ነው። ሞክሼው በበዛበት አገር ግን ሰውዬውን የሚለይላችሁ እሱ ነው። የድሆች ቤቱን የሚያስተዳድረው ቦርድ ቃለ ጉባኤ የሳምንቱን ሟቾች ቁጥር እንጂ ስማቸውን አብዛኛውን ጊዜ አይጽፍም።

«የሞት ሰርተፍኬቱ ወላጆቹን ይነግረኛል።» አይነግርም። የመንግሥት የሞት ምዝገባ ራሱ የተጀመረው በ1864፣ ከረሃቡ በኋላ ነው። አስመዝጋቢው የድሆች ቤቱ ሠራተኛ ከሆነ ዕድሜውንም በግምት ያዙት።

«እዚያ የሞተ ሁሉ ቤሳ ቢስቲን የሌለው ነው።» ከ1862 ወዲህ ሕጉ ችግረኛ ያልሆነ በሽተኛም እንዲታከም ፈቅዷል። ሆስፒታል ሄዶ ሞተ ማለት ሊሆን ይችላል።

«እዚያ ከሞተ እዚያው ነው የተቀበረው።» ቤተሰብ ካለው አስከሬኑን ወስዶ ሊቀብር ይችል ነበር። ስለዚህ የመንደሩንም መካነ መቃብር ተመልከቱ። ወሳጅ ያጣው ብዙውን ጊዜ ድንጋይ የለውም። ኪልኬኒ ውስጥ በ2006 ከግንባታ በፊት በተደረገ ቁፋሮ፣ በድሆች ቤቱ ግቢ በ63 ጉድጓዶች ቢያንስ የ970 ሰዎች አጽም ተገኘ። በሳጥን በሳጥን ሆነው ተደራርበው ነበር። ቦታው መቃብር መሆኑ ተረስቶ ኖሯል።